ሐውልቱ ተመለሰ፤ ሰፈሩስ?

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቆመበት ተነሣ። የቀላል ባቡሩ መስመር በዚያ በኩል ከመሬት በታች ስለሚያልፍ ነው። ብዙ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አየ። እንባ የተናነቀውም ነበር። «በቃ፣ ከሄደ አይመለስም» የሚለው ፍርሃት ከተማውን ሞልቶት ነበር። ሐውልቱ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። በ2008 ግን ተመለሰ። ዛሬም ቦታው ላይ ቆሟል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ነበር። በመጋቢት 2016 ፈረሰ። እሱን ግን ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ ኖሯል። ስለዚህ ፒያሳን እንደ አንድ ጉዳይ ይዤ ከመጀመሪያው ልከተለው ፈለግሁ። ፒያሳ ላይ ምን ተነሥቶ ተመለሰ? ምንስ ሄዶ ቀረ? ለምን?

ፒያሳ ከመባሉ በፊት

ሰፈሩ መጀመሪያ አራዳ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች። ቤተ መንግሥቱ አንድ ኮረብታ ላይ፣ ገበያውና ጊዮርጊስ ደግሞ ሌላው ላይ ሆኑ። የመኳንንቱ ግቢዎች በየጉብታው ተበተኑ። በየግቢው ዙሪያ የጌታው ሎሌዎች፣ ወታደሮችና ባለሙያዎች ሰፈሩ። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በሰውና በሙያ ስም የሚጠሩት ለዚህ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ደጃች ውቤ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው።

የአራዳ ልብ ገበያው ነበር። ማር፣ ቡና፣ ቆዳ፣ በቅሎ፣ እህል፣ አሞሌ ጨው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ፣ ሁሉም እዚያ ይሸጣል። ጠገራ ብርና አሞሌ ጎን ለጎን ይገበያዩበታል። አዋጅ የሚነገረው እዚያ ነው። ወንጀለኛም የሚሰቀለው እዚያው ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ ትልቁ ዛፍ ላይ ነበር። ዜና የፈለገ፣ ዕዳ የሚያስከፍል፣ ጠበኛውን የሚፈልግ፣ ሁሉም ወደ አራዳ ይወጣል። አንድን ሰው ነቄና ብልጥ ለማለት «አራዳ» የምንለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የሰፈር ስም የሰው ባሕርይ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይህን ያገኘ ሌላ ሰፈር አላውቅም።

ገበያው ነጋዴ ጠራ። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ህንዶችና የመኖች መጡ። የህንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ትልቅ መደብር ከፈተ። የመኖቹ በየመንደሩ ትናንሽ ሱቆች ከፈቱ፤ «አረብ ቤት» የሚለው አጠራር ከዚያ ቀረ። በግንብ መሠረት ላይ የእንጨት በረንዳ የወጣላቸው፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆነ ፎቅ ቤቶች ተሠሩ። እነዚያ በረንዳዎች የአራዳ መልክ ናቸው። በ1898 ደግሞ የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ።

የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም የዚያ ዘመን ነው፤ የ1890ዎቹ መጨረሻ። የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ያኔ ነውር ነበር። እንግዳ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ሲነገር እንደኖረው መኳንንቱ በመጀመሪያ በነፃ መስሏቸው በልተው ሄዱ። ሒሳብ ሲባሉ ግን እግራቸው ቀረ። ንጉሡ ራሳቸው እየበሉና እየከፈሉ አስለመዷቸው ይባላል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ትንሽ ሳይጌጥ አይቀርም። ግን አራዳ ምን ዓይነት ቦታ እንደነበረ ያሳያል። አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚሞከረው እዚያ ነበር።

ቀን 23

ስለ ጊዮርጊስ ትንሽ ልቆይ። የዚህ ሰፈር ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ይመጣል።

የአድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ዕለቱ የጊዮርጊስ ቀን ነው። ታቦቱም አብሮ ዘምቷል። ከድሉ በኋላ ዛሬ የምናየው ባለ ስምንት ማዕዘን ካቴድራል ተሠራና በ1903 ተጠናቀቀ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 የነገሡት እዚያ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም እዚያው፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923። እንደገና 23።

ከንግሡ በዓል በፊት በነበረው ቀን የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። ጀርመናዊ ቀራፂ የሠራው የነሐስ ሐውልት ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቷል። የአድዋ በዓል ሲመጣ ሕዝቡ የሚሰበሰበው እሱ ሥር ነው። እንግዲህ በ35 ዓመት ውስጥ አንድ ገበያ የሀገር አደባባይ ሆነ ማለት ነው። ገበያው ግን አልጠፋም። ንግሡም፣ ንግዱም፣ ጸሎቱም እዚያው አንድ ላይ ነበሩ።

አምስቱ ዓመት

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከተማዋን ለቀው ሲወጡ አራዳ ተዘረፈ። ሱቆች ተሰበሩ፣ ተቃጠሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን ገባ። ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከተማው ሲታረድና ሲቃጠል ጊዮርጊስም በእሳት ተለኮሰ። በዚያው ዓመት የምኒልክን ሐውልት ከመድረኩ አውርደው ደበቁት።

እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። እምብዛም የማይነሣው ሌላ ነው። ጣሊያኖቹ ከተማዋን በዘር ሊከፍሏት አቀዱ። አራዳ የነጮች መኖሪያና መገበያያ እንዲሆን ታሰበ። የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ተገፋ። የተገፋው ገበያ መርካቶ ተባለ። የቀረው አደባባይ ፒያሳ ተባለ። ሁለቱም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ አንዱ ገበያ፣ ሌላው አደባባይ ማለት ነው። አንድ የነበረው አራዳ ለሁለት ተሰንጥቆ ለየክፍሉ የጣሊያን ስም ወጣለት።

አሁን ከነፃነት በኋላ የሆነውን እንይ። በ1933 ንጉሡ ሲመለሱ የምኒልክ ሐውልት ወደ መድረኩ ተመለሰ። ጊዮርጊስ ታደሰ። ኋላም የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና ባለቀለም መስታወቶች አስጌጡት። ለአቡነ ጴጥሮስም ሐውልት ቆመላቸው።

ገበያው ግን አልተመለሰም። ማንም አልጠየቀም። ነጋዴው አዲስ ከተማ ላይ ሱቅ ከፍቷል፣ ደንበኛ አፍርቷል፣ ልጅ ወልዷል። መርካቶ የራሱ ዓለም ሆኗል። እዚህ ላይ ሐዘን ብቻ ማውራት ልክ አይሆንም። ተገፍቶ የሄደው ገበያ ከእናቱ በልጦ አደገ። ሆኖም ጣሊያን ያወጣው ክፍፍል በነፃነት ዘመን ጸና። ሐውልት ማውረዱ ወዲያው ተሻረ፤ ገበያውን ማንሣቱ ግን ሳይሻር ቀረ።

የፒያሳ ዘመን

ከ1933 እስከ አብዮቱ ያለው ጊዜ ብዙ ሰው «ፒያሳ» ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ዘመን ነው። የመንገዶቹ ስም ራሱ ታሪክ ይነግራል። ካኒንግሃም መንገድ አለ። ዌቨል መንገድ አለ። ሁለቱም ከጣሊያን ጋር የተዋጉ የእንግሊዝ ጄኔራሎች ናቸው። ደጎል አደባባይ አለ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሀር የሚወርደው ደግሞ ቸርችል ነው። የጣሊያን ስም ባለው ሰፈር ውስጥ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ስሞች ተሰልፈዋል። ሕዝቡ ግን በብዛት በዚህ አይጠራቸውም። «ማህሙድ ጋ እንገናኝ» ነው የሚለው። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ስንቱ የተቀጣጠረበት፣ ስንቱ ቆሞ የቀረበት ነው!

ዌቨል ላይ በ1940ዎቹ አጋማሽ ቶሞካ ተከፈተ። ቡናው እዚያው ይቆላል። ሰው ቆሞ ይጠጣል፣ ይከራከራል፣ ይሄዳል። ኤንሪኮ ኬክ ቤት ነበር። የአምስቱ ዓመት ነገር ሁሉ መራራ ቢሆንም ማኪያቶውና ፓስቲው ቀሩ፤ ፌርማታና ሊስትሮ የሚሉት ቃላትም የኛ ሆኑ። ወርቅ ቤቶቹ ረድፋቸውን ያዙ። ለሠርግ ቀለበት ሊገዛ የሚመጣ ከክፍለ ሀገር ሁሉ ፒያሳ ይወጣል። ሀገር ፍቅርም እዚሁ ነው። በ1927፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተመሠረተ ማኅበር ነበር፤ ኋላ ቴአትር ቤት ሆነ።

አርመኖቹን ሳላነሣ አላልፍም። ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ አግኝተው ይዘዋቸው መጡ። «አርባ ልጆች» ተባሉ። የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። የአርመን ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ዛሬም በዚያው አካባቢ አሉ። ሰፈሩም አርመን ሰፈር ይባላል። እልቂት ያሳደዳቸው ሰዎች ቤት ያገኙት አራዳ ላይ ነው።

በ1957 ማዘጋጃ ቤቱ ተሠራ። የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽን የሠራው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው። ባለ ሰዓቱ ማማ ከቸርችል መንገድ ታች ሆኖ ሁሉ ይታያል።

ከነዚህ ሁሉ ሕንፃዎች ጀርባ ደግሞ ሌላው ፒያሳ ነበር። ዶሮ ማነቂያ። ሰባ ደረጃ። እሪ በከንቱ፣ ሌባ ቢይዝህ ብትጮህ የሚሰማህ የለም የተባለለት። ውቤ በረሃ፣ ሌሊቱ ቀን የሆነበት። እነዚህ የጭቃ ቤቶች ሰፈር ናቸው። የወርቅ ቤቱ ተቀጣሪ፣ የሲኒማው ትኬት ቆራጭ፣ ጠላ ሻጯ፣ የጊዮርጊስ ደብተራ የሚያድሩት እዚያ ነው። ፊት ለፊት ያለው ፒያሳ የሚንቀሳቀሰው ከኋላ ባለው ፒያሳ ጉልበት ነበር።

1967፣ ቤቱ ባለቤት ያጣበት ዓመት

ፒያሳ ለምን አረጀ? ብዙ ሰው «ሰው ስለማይጠነቀቅ» ይላል። እኔ ግን መልሱ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀረለት። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ።

ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ዛሬ ነገ ያስወጣኛል ብሎ የሚፈራው ባለቤት ጠፋ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ መሀል ከተማ ላይ ልጆቹን ያሳደገው በዚያ ኪራይ ነው። ግን ቤቱን ማን ይጠግን? ተከራዩ የሱ አይደለምና ገንዘብ አያፈስበትም። ላድስ ቢልም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ብር ለአንድ ጣሪያ እንኳ አይበቃም። ቤተሰብ ሲበዛ ቆጥ ይሠራል፣ ጓዳ ይቀጠላል። ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ አንድ ነው። ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ጎበጠ፣ በረንዳው ተንጋደደ።

ይህ 40 ዓመት ሲቀጥል ሰፈሩ «የተጎሳቆለ» የሚል ስም አገኘ። ስሙ እውነት ነው። ግን የተጎሳቆለው በነዋሪው ስንፍና አልነበረም። ቤቱን የመጠገን ሥልጣንና አቅም አንድ እጅ ላይ ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው። ለኔ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ሕንፃን የሚያድነው «የኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ጊዮርጊስ ምእመን አለው። ሐውልቱን ንጉሥም ሕዝብም «የኔ» ይለዋል። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 በእሳት ሲያያዝ፣ የጃዝ ሙዚቃ ቤቱ ጃዝአምባ የነበረበት አሮጌው አዳራሽ ሲወድም፣ ከተማው በሙሉ ደነገጠ። ሆቴሉ ተጠግኖ ሥራ ጀመረ። የዶሮ ማነቂያ ቤት ግን በወረቀት የመንግሥት፣ በኑሮ የነዋሪው፣ በጥገና የማንም ነበር።

መጋቢት 2016

የካቲት 3 ቀን 2016 የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ቦታው ማዘጋጃ ቤቱና ምኒልክ አደባባይ መካከል ነው። ሲጀመር «አድዋ 00 ኪሎ ሜትር» ይባል ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። ልጆችን ይዞ ገብቶ ማሳየት ደስ ይላል። አድዋ የሚገባውን ቤት ያገኘው ታሪኩ ከሚነገርበት አደባባይ አጠገብ መሆኑም ትክክል ይመስለኛል።

ከምረቃው ጥቂት ሳምንት በኋላ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ማፍረስ ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሄዱ። ከዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሱቆችም ሄዱ። ብዙ ነዋሪ የተሰጠው የመውጫ ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። ቤተሰቦች በኮንዶሚኒየምና በሌላ ቤት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። የቀሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ ናቸው።

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ማየት አልፈልግም። የግል ሽንት ቤትና የማያፈስ ጣሪያ ያገኘ ሰው አለ። እሱን «ጭቃ ቤትህ ይሻልህ ነበር» ማለት የሚችለው እዚያ ኖሮ የማያውቅ ብቻ ነው። መንገዱም ያምራል፤ ማታ ሰው በነፃነት ይንሸራሸርበታል።

የጎደለው ግን ካሬ ሜትር ውስጥ አይገባም። ፒያሳ የሚኖር ሰው ሥራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የልጁ ትምህርት ቤትና እድሩ ሁሉ በእግር የሚደረስ ነበር። ሻይ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿ ከበሯ አሥር እርምጃ ላይ ናቸው። ወደ ዳርቻው ስትሄድ ቤት አገኘች፤ ደንበኛ ግን አላገኘችም። እድሩም እንዲሁ። እድር ማለት ድንኳን፣ ብረት ምጣድና ወንበር ብቻ አይደለም። ሌሊት በር ሲንኳኳ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ማወቅ ነው። አባላቱ በተለያዩ ሳይቶች ሲበተኑ ድንኳኑ አንዱ ጋ ይቀራል፣ ለቀስተኛው ሌላ ጋ።

ይህ ሊቀር አይችልም ነበር ብዬ ግን አላምንም። ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ከመጥረግ በየተራ ማደስ ይቻል ነበር። አንድን መንደር አንድ ላይ፣ ከነእድሩ፣ ወደ አንድ ቦታ ማዛወርም ይቻላል። ለአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ያደረግነው እኮ ይህንኑ ነው። አወረድነው፣ በጥንቃቄ አቆየነው፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው መለስነው። ለድንጋዩ የመመለሻ ቀን አስቀድሞ ታስቦለት ነበር።

ዛሬ

ባለፈው የጊዮርጊስ ዕለት ወደዚያ ወጥቼ ነበር። ታክሲው ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ነው የጫነን። አንድ ወጣት መንገድ ጠየቀኝ። «ዶሮ ማነቂያ የነበረው ጋ ሂድና ወደ ቀኝ ታጠፍ» አልኩት። ግራ ገባው። እኔም ቆም አልኩ። በሌለ ነገር መንገድ እያሳየሁት ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት እንደገና ነገርኩት።

ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ነጠላ ያጣፉ እናቶች በዛፉ ጥላ ተቀምጠዋል። ከንግግራቸው የአንድ ሰፈር ልጆች እንደነበሩ ያስታውቃል። አንዷ ከገላን በኩል ነው የመጣችው፣ ሌላዋ ከአራብሳ። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ውጭ ሄደ ይባባላሉ። አንዷ ዳቦ ቆርሳ አደለች። እኔንም «እንካ ልጄ» አለችኝ። ተቀበልኩ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ተነሥተው ነጠላቸውን አራገፉ። በሩ ላይ ተሳሳሙ። ለሚቀጥለው ወር 23 ተቀጣጠሩና እያንዳንዳቸው ወደየታክሲያቸው ሰልፍ ሄዱ።